የእሜቴ አዋኛኘት

ሰው ገንዳ ፊት ቆሞ «ይዋኛል» ይልና ዞር ይላል። ኤሊውም ይዋኛል፣ ሻርኩም ይዋኛል፣ ዳክዬውም ይዋኛል፤ አበቃ። ሰው ሲሄድ ግን «ይሄዳል» ተብሎ አይታለፍም። ያዘግማል፣ ይንጎራደዳል፣ ሹክክ ይላል፣ እንደ ሥራ አስኪያጃችን ያለው ደግሞ ይንጠባረራል። ለሁለት እግር ይህን ሁሉ ቃል የቸረ ሰው ለክንፍና ለጭራ አንዲት ቃል ወርውሮ ማለፉ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

በውሃ እንስሳት ማሳያ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ገንዳ ጠብቄአለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሌላው እስኪያነሣብኝ እንዳልጠብቅ ነው፤ ሲያነሡብኝ ነው የኖሩት።

ሥራውን ያስተማረኝ ከኔ በፊት የነበረው ሽማግሌ ነው። በገባሁ በሳምንቱ ከትልቁ ገንዳ ፊት አቆመኝና «ምን ታያለህ?» አለኝ።

«ዓሣ።»

«ዓሣውንማ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ያየዋል። አንተ አዋኛኘቱን እይ። እንስሳ እንደ ጨዋ ሰው ነው፤ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ፊቱን ያሳምራል። አዋኛኘቱ ግን ያሳብቅበታል።»

ከዚያ ደብተር ሰጠኝ። ጠዋት በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት፣ መብራቱ እንደበራ፣ በየገንዳው ፊት ቆሜ እስከ መቶ እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ እንስሳ የዛሬ አዋኛኘቱን እጽፋለሁ። የትናንቱን ቃል መድገም የሚቻለው የዛሬው ልክ እንደ ትናንቱ ከሆነ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ እጄ ይያዝብኝ ነበር። ኋላ ግን ቃሉ ራሱ ይመጣ ጀመር። ሻርኩ ይሰነጥቃል። እኛ ምንጣፍ የምንለው ጠፍጣፋው ዓሣ ይርገበገባል፤ ሲያመው ይጎተታል። ጄሊፊሽ ይተነፍሳል ነው የምንለው፤ እንደ ደረት ነፋ ሰብሰብ ስለሚል። የባሕር አንበሳው ይፈነጫል፤ የከፋው ቀን ግን ብቅ ጥልቅ ብቻ ነው። ትንንሾቹ በመንጋ ይተማሉ፤ አንዱ ከመንጋው ወጥቶ ከተንከላወሰ በሁለተኛው ቀን በመረብ ሞቶ ይወጣል። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ደብተሮቹን ለኔ ትቶ ሄደ። አስራ አንድ ነበሩ። እኔ ሃያ አደረስኳቸው።

ከሁሉም የምትበልጥብኝ እሜቴ ነበረች። የባሕር ኤሊ ናት፤ የጀርባዋ ድንጋይ አራት ሰው የሚበላበት ጠረጴዛ ያህላል። እኔ ስቀጠር እዚያ ነበረች። እሜቴ ያልናት ለማንም ስለማትቸኩል ነው። ዓሣ ተቆርጦ ቀርቦላት እንኳ መጀመሪያ ገንዳዋን አንድ ዙር ዞራ፣ መስታወቱ ጋ መጥታ፣ ከላይ እስከ ታች ገላምጣን ነው የምትበላው። ደህና ስትሆን ትቀዝፋለች። ደስ ሲላት እንደ ጭልፊት ታንዣብባለች። እኔ መስታወት ስወለውል እጄን ተከትላ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር። ሰው እንዲህ አድርጎ ተከትሎኝ አያውቅም።

አንድ ሰው ግን ነበረች። የታናሽ እህቴ ልጅ። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ እኔ ጋ ትውል ነበር። ባልዲ ገልብጬ አቆማትና ጠዋት ገንዳ ለገንዳ አብራኝ ትዞራለች።

«አጎቴ፣ ይሄኛው ምን እያደረገ ነው?»

«አንቺ ንገሪኝ።»

«ይዋኛል።»

«ሂጂ ወደዚያ! እሱንማ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛም ያውቃል።»

«እ... ይሾልካል! አጎቴ፣ ይሾልካል፣ ጻፈው!»

እጽፈዋለሁ። በስምንት ዓመቷ የተናገረቻቸው ቃሎች ደብተሬ ውስጥ አሉ። ከዚያ አደገች፣ ተማረች፣ የእንስሳት ሐኪም ሆነች፣ ዕድል ጣላትና እኛው ቤት ተቀጠረች። ያን ሳምንት መሬት አልበቃኝም። ለቆሻሻ ጫኚው ሳይቀር ነገርኩት። የመጀመሪያ ቀን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ስትገባ ባልዲዬን ጥዬ «ሚጣዬ!» ብዬ ሄድኩባት። ሳቅ ብላ ጨበጠችኝ። ሥራ አስኪያጁ ሲያልፍ ግን ወደ ጥግ ወሰደችኝና «አጎቴ፣ እባክህ ሥራ ቦታ ዶክተር በለኝ። በዘመድ የገባሁ እንዳይመስላቸው» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ነው ይበልጥ ያመመኝ። «እሺ ዶክተር» አልኩና ባልዲዬን አነሣሁ።

በሦስተኛው ወር ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ የኔ ደብተር ተዘርግቷል። ማን እንደሰጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጉሮሮውን ጠራረገና ያነብ ጀመር።

«‹እሜቴ ዛሬ እንዳኮረፈች አማት ትቀዝፋለች።›»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«ቆዩ፣ ገና ነው። ‹ምንጣፉ ይጎተታል፤ ነገር የያዘ ይመስላል።› ምን ያለ ነገር ይሆን ወንድሜ፣ የውርስ ክርክር?» አሁንም ሳቅ። «ይሄ የጤና መዝገብ ነው የግጥም መድበል? እኛኮ ባለቅኔ መቅጠራችንን አላወቅንም። ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ነበር ያቋረጥከው?»

ያውቃል። ፋይሌ እጁ ላይ ነው። «ስድስተኛ» አልኩ።

«እሰይ! ሰባተኛ ብትገባ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?»

ምግብ ከፋፋይዋ እትዬ ብቻ አልሳቀችም፤ እሷም ጆሮዋ ስለሚከብዳት ይሆናል። እኔ ወደ እህቴ ልጅ አየሁ። ከሁሉ ፊት ተነሥታ «ተዉ እንጂ» ትላለች ብዬ ነው። አቀርቅራ ወረቀት ታገላብጣለች፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ ነበረ። ትንሽ ናት፤ ግን አየኋት። ሃያ ሦስት ዓመት ትንሽ ነገር ማየት ነው ሥራዬ።

ከዚያ አዲሱ ወረቀት ታደለ። «ያዘጋጀችው ዶክተራችን ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ። ለእያንዳንዱ እንስሳ ሦስት ሳጥን፦ በደንብ ይዋኛል፣ በመጠኑ ይዋኛል፣ አይዋኝም። አንዱ ላይ የራይት ምልክት ማድረግ ነው። ከታች «ሌላ አስተያየት» የምትል አንዲት መስመር አለች። ደብተር ከእንግዲህ ቀረ ተባለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ባለቅኔው ሆነ። «ባለቅኔው፣ ቱቦው ተደፍኗል!» «ባለቅኔው፣ ይሄን ባልዲ ግጠምልን!» እኔም በልቤ እንዲህ አልኩ፦ ከእንግዲህ ከኔ አንዲት ቃል አታገኙም። ሳጥን ከፈለጋችሁ ሳጥን ይኸውላችሁ። ባሏን የጎዳች መስሏት ስለተባለላት ሴት ተረቱን ታውቁታላችሁ፤ ቀሪውን አልጽፈውም። እሷ ግን የወጋችው የራሷን ነው። እኔ የወጋሁት ሌላ ነበር።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ጠዋት ከእሜቴ ፊት ቆሜ፣ ከልማድ የተነሣ እስከ መቶ እየቆጠርኩ፣ ሰባ ገደማ ስደርስ አየሁት። ቀኝ ጎኗ ከግራው አንድ ጣት ዝቅ ብሏል። አንድ ጣት ብቻ። ሌላ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢያፈጥ አያየውም። ቃሉ ሳልጠራው አፌ ላይ መጣ፦ ታጋድላለች።

እስክሪብቶዬ ወደ ታችኛዋ መስመር ወረደ። ወረቀቱን ነካ እንኳ፤ ነጥብ ቀርቶበታል። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ «‹እሜቴ ታጋድላለች›» ብሎ በዚያ ድምፁ ሲያነበው፣ ቤቱ ሲስቅ፣ ያቺ የከንፈር ጫፍ ስትነሣ ታየኝ። ወደ ሳጥኖቹ ተመለስኩ። ያጋደለች ኤሊ በደንብ ትዋኛለች ወይስ በመጠኑ? እውነቱን ለመናገር በደንብ ነበር የምትዋኘው። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ራይት አደረግሁ። ውሸት አልጻፍኩም፤ እንዲያ እያልኩ ራሴን ደለልኩ።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ባልዲዋን ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«አንተ፣ እሜቴ ጎበጥ አላለችብህም?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ እትዬ። ባለቅኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ባለቅኔ ነኝ አልኩ!»

«ኤዲያ! አኩራፊ ከውሃ ቢገባም አይርስም» ብላኝ ሄደች። ተረቱን የሰማሁት ያኔ ነው፤ ራሷ ፈጥራው ይሆናል።

በስምንተኛው ቀን የእህቴ ልጅ በገንዳው በኩል አለፈች። የባሕር አንበሳዋ ወልዳ ስለነበር ሰሞኑን የምትውለው እዚያ ነው፤ ከሰማንያ በላይ የሆነውን ሌላውን እንስሳ የምታየው በወረቀቱ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል፣ ሸሚዟ ወተት ወተት ይላል። ቆም አለች።

«እሜቴ እንዴት ናት?»

«ወረቀቱ ላይ አለ ዶክተር።»

«ወረቀቱንማ አየሁት።»

መስታወቱን እወለውላለሁ። ከኋላዬ ቆማ ስትጠብቅ ይሰማኛል። «አጎቴ» ብትለኝ ኖሮ እነግራት ነበር፤ ለብዙ ጊዜ እንዲህ ስል ኖሬአለሁ። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ስልኳ ጮኸ፤ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለች ሄደች። እሜቴ በዚያ ሰዓት ከወዲያኛው ጥግ ነበረች። ቀኝ ጎኗ ሦስት ጣት ወርዷል።

እኔም ራይቴን ቀጠልኩ።

በአስራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት የእትዬን ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። እሜቴ ውሃው ፊት ላይ ተንሳፋለች። የጀርባዋ ግማሽ ከውሃው ውጭ ሆኖ ደርቋል፤ ለመጥለቅ በግራ ክንዷ ብቻ ውሃውን ትመታለች፣ በቦታዋ ትሽከረከራለች። በሸራ ለስምንት ተሸክመን ወደ ሕክምና ክፍሉ አስገባናት። ራጅ ተነሣች። የቀኝ ሳንባዋ ያለበት ቦታ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ።

የእህቴ ልጅ ፊልሙን በብርሃን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሟል።

«መቼ ነው የጀመራት?» አለች። «ይሄ ነጩ ነገር ዕድሜውን አይነግረኝም። የዛሬና የትናንት ከሆነ በመርፌ ይመለሳል። ከቆየ ግን መርፌ አይደርስበትም፤ አደንዝዤ ቱቦ ማስገባትና ማጠብ አለብኝ። በሷ ዕድሜ ደግሞ ማደንዘዣው ራሱ ሊወስዳት ይችላል፤ ካልተገደድኩ አልሞክረውም።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቶቹን እያገላበጠ «እስከ ትናንት ‹በደንብ ይዋኛል› ነው የሚለው» አለ። ቀና ብሎም አየኝ። «እንዲያ አይደለም ባለቅኔው?»

ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ያ ሰው ፊት «አስራ ዘጠኝ ቀን ሆናት፣ አይቼ ዝም አልኩ» ማለት፣ በስድስተኛ ክፍሌ ላይ ሌባነትን መጨመር ሆኖ ታየኝ። የታማኝነት ሌባ።

«ዛሬ ነው» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት።»

የእህቴ ልጅ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ደስ ያላት መሰለች። «ተመስገን። እንግዲያው መርፌው ይበቃል» አለች።

መርፌው ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ዓይኗን ገለጠች። በሁለተኛው ቀን አንገቷን ማንሣት ተወች። እኔ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ቆሜ ጀርባዋን በእርጥብ ፎጣ ሳለብስ እውላለሁ። ስትተነፍስ ፉጨት ነበረው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አልቻልኩም፤ ፎጣውን ለእትዬ ሰጥቼ ወደ ሐኪሟ ክፍል ሄድኩ። በልቤ ስለማመድ ነበር፦ «ሚጣ፣ ዋሽቼሻለሁ፤ ቱቦውን አስገቢ።» ዘጠኝ እርምጃ ቀርቶኝ የሥራ አስኪያጁን ድምፅ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ያ ሰው ምናልባት ሳያይ ቀርቶ ይሆናላ። ስድስተኛ ክፍል ነው እኮ።»

«እሱ ያላየው ነገር የለም» አለች። ድምፅዋ ደክሟል፤ ግን ቆርጧል። «እኔን ማየት ያስተማረኝ እሱ ነው። ዛሬ ነው ካለ ዛሬ ነው። ‹ሌላ አስተያየት› የሚለውን መስመር ለማን ያስገባሁት ይመስልዎታል? ደብተሩን ሲከለክሉኝ ቢያንስ ያቺ መስመር ትኑር ብዬ ለሱ ነው ያስገባሁት። አንድ ነገር ቢያይ ኖሮ ይጽፍልኝ ነበር።»

እግሬ ቆመ። ልጅቷ በኔ እየማለች ነው። አሁን ገብቼ «ሐሰት ነው» ብል የማዋርደው ማንን ነው? በዚያ ሰው ፊት እኔን ብቻ ሳይሆን እሷንም። ነገ ጠዋት ብቻዋን ሳገኛት እነግራታለሁ አልኩ። ሰው ለፈሪነቱ ምንጊዜም የሚያምር ስም አያጣም። ተመልሼ ፎጣዬን ተቀበልኩ።

በነጋታው ጠዋት ስገባ እሜቴ ሞታ ነበር። የእህቴ ልጅ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋለች። ቀና ብላ አየችኝና «አረፈች አጎቴ» አለች። ከዚያች ከተቀጠረችባት ቀን ወዲህ ሥራ ቦታ አጎቴ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

የዚያን ዕለት ሬሳዋ ተከፈተ። የሳንባው ቁስል ግድግዳ አብጅቷል፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ ሳምንታት ካልቆየ አይሠራም። እኔ ወለሉን በውሃ እያጠብኩ ነበር። የእህቴ ልጅ ጓንቷን ሳታወልቅ ብዙ ጊዜ ቆመች። ከዚያ ወጣች፣ ታጠበች፣ የአስራ ዘጠኙን ቀን ወረቀት ይዛ ተመለሰች፤ በሩን ዘጋችው። ቧንቧውን ዝጋው ብላ በምልክት አሳየችኝ። ዘጋሁት።

«ስንት ቀን?» አለች።

«አስራ ዘጠኝ።»

«ስጠይቅህም ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ፎጣ ስታለብሳት ሁሉ።»

«አዎ።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ያኮረፍከው እኔን ነው እነሱን?» አለች በቀስታ።

«በዚያ ስብሰባ ፈገግ አልሽ» አልኩ። ስናገረው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለራሴም ተሰማኝ፤ ሦስት ወር ያህል በሆዴ ተሸክሜው ተራራ ያህል ነበር።

«በአማቷ ነው» አለች። «‹እንዳኮረፈች አማት› ያልከው እውነት ስለሆነ ነው የሳቅሁት። ልክ እንደሱ ነበር የምትቀዝፈው።» ከዚያ ፊቷን በሸሚዟ እጅጌ ጠረገች።

ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ለኔም የተገለበጠ ሣጥን በእግሯ ገፋችልኝ። ባዶ ወረቀት አወጣችና ከአንድ እስከ አስራ ስምንት ቁጥር ጻፈች፤ አስራ ዘጠነኛውን ሁላችንም አይተነዋል። «ሌላ ቦታ ሌላ ኤሊ እንዲህ ስትጀምር የሚያየው ሐኪም እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። እንደ ደብተርህ ንገረኝ። አንደኛው ቀን።»

«አጋደለች። ቀኝ ጎኗ አንድ ጣት።»

ጻፈች።

«ሁለተኛው?»

«እንደዚያው፤ ግን ስትታጠፍ ትዘገያለች። ሦስተኛው ቀን ግራ ክንዷ ቸኮለ። አራተኛው ላይ... ትጠነቀቃለች በይው። መሰላል እንደሚወርድ ሽማግሌ። አምስተኛው ጎበጠች፤ እትዬም አይታታለች።»

ቀና አላለችም። እስክሪብቶዋ ብቻ ነው የሚሰማው። ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛውን ስናገር እጇ ትንሽ ቆመ፤ የጠየቀችኝ ቀን ነው። ከዚያ ቀጠለች። ዘጠነኛው ቀን ትወላገዳለች፤ አሥረኛው ድካም ያርፍባታል፣ ወለሉ ላይ ተኝታ ሳለ ጭንቅላቷን ወደ ግራ ታደርጋለች። አስራ አንደኛው ላይ ውሃውን ትጎትተዋለች እንጂ አትቀዝፈውም። እየተናገርኩ ሳለ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሞቅ አለኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቃሎቼን የሚቀበል ሰው አገኘሁ።

«አስራ ሁለተኛው?»

«ትቆፍራለች። ለመጥለቅ ውሃውን በግራ ክንዷ ትቆፍረዋለች፤ አፈር እንደሚቆፍር። መስታወቱ ጋ መጣች፤ አየችኝ።»

ጻፈች። «አስራ ሦስተኛው?»

ተነሥቼ የተዘጋውን ቧንቧ ደግሜ አጠበቅሁት።

«አጎቴ፣ አስራ ሦስተኛው።»

«ከዚያ በኋላ አላየኋትም» አልኩ።

«አላየኋትም ማለት?»

«ፊቷ አልቆምኩም። እንደዚያ ስታየኝ አልቻልኩም። ከኮሪደሩ ሆኜ ነበር ራይት የማደርገው። እስከ መቶ አልቆጠርኩም፤ እስከ አንድም አልቆጠርኩም።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። ማየቴን ሰው ሊነሣኝ አይችልም ብዬ ስኮራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዲፕሎማውን፣ እድገቱን፣ ስሜን፣ ደብተሬን ወስደዋል፤ ማየቴን ግን ማንም አልወሰደብኝም ነበር። እኔው በእጄ ሰጠሁት።

«ልገምትልሽ እችላለሁ» አልኩ። «መንገዱን አውቀዋለሁ። አስራ ሦስተኛው ላይ እንዲህ ሆና...»

«ተው» አለች። ቁጣ አልነበረውም። «ግምት አልጽፍም።»

የቀሩትን ስድስት መስመሮች ባዶ ተወቻቸው። ወረቀቱን አዞረችና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋችው፤ የተናገረው ሰው መፈረም አለበት አለች።

ወረቀቱን ተመለከትኩት። ከላይ እስከ መሐሉ የኔ ቃሎች በሷ ጽሕፈት ሞልተዋል፤ ከመሐሉ በታች ቁጥሮቹ ብቻቸውን ቆመዋል።

«የት ጋ ልፈርም?» አልኳት።

«መጨረሻ ያየሃት ቀን ላይ» አለችኝ።

አስራ ሁለተኛው ላይ ፈረምኩ።